መኪናውን በውክልና ገዛሁ፤ ቦሎና ሦስተኛ ወገን ካለኝ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ኮድ 2 ቪትዝ ገዛሁ። ሻጩ "ስም ማዛወሩ ወጪው ብዙ ነው፤ ውክልና ልስጥሽና ተገላገይ" አለኝ። ብሩን በባንክ አስገባሁለት፣ ሊብሬውን (የመኪናውን የባለቤትነት ደብተር) እና ቁልፉን ተቀበልኩ። አሁን ሰውየው ዱባይ ነው። ሊብሬው ዛሬም በስሙ ነው። ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አለኝ፤ ቦሎው በቅርቡ ያበቃል። ልጆቼን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው የወንድሜ ልጅ ሲሆን መንጃ ፈቃዱ ጊዜው ካለፈ ወራት ሆኖታል። ባለቤቴ "ቦሎና ኢንሹራንስ ካለሽ ማን ይናገርሻል" ይለኛል። እውነቱን ነው? በሕግ ምን ማሟላት አለብኝ?

ምላሽ፦ ባለቤትዎ የተናገሩት ግማሽ እውነት ነው። ቦሎና ሦስተኛ ወገን መኪናው መንገድ ላይ እንዲወጣ ይፈቅዳሉ። መኪናው የማን እንደሆነ ግን አይናገሩም። መሪ የያዘው ሰው መንዳት ይፈቀድለት እንደሆነም አይናገሩም። ትራፊክ ፖሊስ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን አይቶ "ሂጂ" ሊልዎ ይችላል። ጣጣው የሚመጣው አደጋ ሲደርስ ነው። ወይም ሻጩ ሲካካድ፣ ሲፋታ፣ ዕዳ ውስጥ ሲገባ፣ ሲሞት። ያኔ የሚጠየቀው ወረቀት ሌላ ነው።

አስቸኳዩን ላስቀድም። የወንድምዎ ልጅ ዛሬውኑ ቁልፉን ያስረክብ። መንጃ ፈቃዱን አሳድሶ ሲመጣ ይመለስለታል። ጎበዝ ሾፌር ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ የሚያየው ግን ያንን አይደለም። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ፈቃዱ የጸና እንዲሆንና ከሚነዳው ተሽከርካሪ ዓይነት ጋር እንዲገጥም ይፈልጋል። ለቪትዝ የአውቶሞቢል ምድብ ይበቃል። የሞተር ሳይክል ፈቃድ ይዞ አውቶሞቢል መንዳት ወይም በአውቶሞቢል ፈቃድ ሚኒባስ ላይ ሕዝብ ጭኖ መሥራት ግን አይቻልም።

ጊዜው ያለፈ ፈቃድ ሰላም በዋለ ቀን ከቅጣት አያልፍም። ሰው ከተገጨ ነገሩ ይለወጣል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ደረጃ በደረጃ ያስቀምጣል። ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ፣ አጥፊው በግልጽ የተቀመጠ ደንብ ሆን ብሎ ጥሶ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል። የጸና መንጃ ፈቃድ አለመኖር ዐቃቤ ሕግ ወደዚህ ንዑስ አንቀጽ እንዲሄድ በር ይከፍታል። "ረስቼው ነው" ብሎ መከራከርም ከባድ ነው፤ ቀኑ ካርዱ ላይ ተጽፏል። ቁልፉን የሰጡት እርስዎ ስለሆኑ ደግሞ መድን ድርጅቱም የሚጠይቅዎ ነገር አለ። እሱ ላይ እመለሳለሁ።

ቦሎውን በተመለከተ ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ማንኛውም መኪና እንዲመዘገብ፣ ታርጋ እንዲኖረውና በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲያልፍ ያዛል። ቦሎ ማለት የዚያ ዓመት ምርመራ ማለፉንና የዓመቱ ክፍያ መከፈሉን የሚያሳየው ምልክት ነው። ለማሳደስ ሊብሬው፣ የጸና ሦስተኛ ወገንና የምርመራ ውጤቱ ያስፈልጋሉ። ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለም እዚያው ይወጣል። ሊብሬው በሻጩ ስም ስለሆነ ውክልናውን ይዘው ይሂዱ። ውክልናው ውስጥ "ቦሎ ለማሳደስ፣ ዓመታዊ ምርመራ ለማስደረግ" የሚል ቃል መኖሩን አስቀድመው ያንብቡ። ብዙ ውክልና ይህን ይጽፋል፤ የማይጽፍም አለ።

ወደ ምርመራ ጣቢያ ከመሄድዎ በፊት ግቢዎ ውስጥ ራስዎ ይመርምሩት። አንድ ሰው ከኋላ ይቁምና ፍሬን ይርገጡ፤ ሁለቱም የፍሬን መብራቶች ይበራሉ? ፍሬቻው በአራቱም ማዕዘን ይሠራል? የእጅ ፍሬኑ ዳገት ላይ ይይዛል? ጎማው ጥርስ አለው? ክላክስ፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ ስፖኪዮ፣ የደኅንነት ቀበቶ። ብዙ ሰው የሚረሳው ታርጋውን የሚያበራውን ትንሿን አምፖል ነው። በማይረባ ገንዘብ የምትቀየር ነገር ናት፤ ለእሷ ብሎ ሌላ ቀን መሰለፍ ግን ያበሽቃል።

እግረ መንገድዎን የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ። እንደ ሞዴሉ የሻንሲ ቁጥር ከሞተሩ ጀርባ ባለው ብረት ላይ ወይም ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ምንጣፉ ሲገለጥ ይገኛል። እርጥብ ጨርቅ ይውሰዱና ያጽዱት፤ አቧራውና ዘይቱ ሲለቅ ፊደሉ ይታያል። አንድ ቁጥር እንኳ ከተለየ፣ የተፋቀ ወይም የተበየደ ከመሰለ ስም ለማዛወር ሲሄዱ ፋይሉ እዚያው ይቆማል። ሞተር ተቀይሮ ወይም ቀለም ተለውጦ ከሆነም መመዝገብ አለበት። ይህን ዛሬ ማወቅ ይሻላል፤ ሻጩ ገና ስልክ ሲያነሳ።

ሦስተኛ ወገን በአገራችን ግዴታ የሆነው በ2000 በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ነው። በ2005 አዋጅ ቁጥር 799 ተካው። ብዙ ሰው ሦስተኛ ወገንን የመኪናው ኢንሹራንስ አድርጎ ያስበዋል። አይደለም። የእርስዎ ቪትዝ ግንድ ላይ ቢወጣ ሦስተኛ ወገን አንድ ብር አያወጣም። የሚከፍለው ለተገጨው ሰውና ለተጎዳው የሌላ ሰው ንብረት ነው። የራስዎን መኪና የሚያሠራው ሙሉ ኢንሹራንስ ሲሆን እሱን መግባት የእርስዎ ፈቃድ ነው።

ሁለተኛው የማይነገረው ነገር፣ ክፍያው ጣሪያ አለው። አዋጁ ሲወጣ ለሞት ከ5 ሺህ እስከ 40 ሺህ ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40 ሺህ፣ ለንብረት እስከ 100 ሺህ ብር ነበር የመደበው። ጣሪያው ሊከለስ የሚችል ስለሆነ የዛሬውን ከመድን ድርጅትዎ ይጠይቁ። የትኛውም ቁጥር ቢሆን ግን፣ ፍርድ ቤት ከዚያ በላይ ካሳ ከወሰነ ልዩነቱ ከባለመኪናው ኪስ ይወጣል። ሾፌሩ የጸና መንጃ ፈቃድ ካልነበረው ደግሞ መድን ድርጅቱ ለተጎጂው ከፍሎ ሲያበቃ ዝም አይልም፤ "ውሉን ጥሰሻል" ብሎ የከፈለውን ለማስመለስ ወደ እርስዎ ይዞራል። ለዚህ ነው ከቁልፉ የጀመርኩት።

መቼም አይድረስና አደጋ ከደረሰ፣ ማንኛውም የጤና ተቋም ለተጎጂው አስቸኳይ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለበት። "መጀመሪያ ብር" ካሏችሁ አዋጁን ጠቅሳችሁ ተከራከሩ። ገጭቶ ባመለጠ ወይም ኢንሹራንስ በሌለው መኪና ለተጎዳ ሰው ደግሞ የመድን ፈንድ አለ። ፈንዱ ለተጎጂው ይከፍልና ያልገባውን ባለመኪና ይከተለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሊብሬው በማን ስም ነው?

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ባለቤቱ አልነዳም፣ አላየም፣ የነዳው ሰው ፈቃድ አልነበረውም ቢባል እንኳ ነጻ አይወጣም። መኪናው ጉዳቱን ያደረሰው ተሰርቆ ሳለ መሆኑን ካስረዳ ነው ከኃላፊነት የሚድነው። ለፍርድ ቤት ባለቤት ማን ነው ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ሊብሬውና መዝገቡ ነው። ስለዚህ ዱባይ ያለው ሰውዬ የሸጠውን መኪና ኃላፊነት ዛሬም ተሸክሞ ነው የሚኖረው። እርስዎ ደግሞ ብር ከፍለው የሌላ ሰው ንብረት እየነዱ ነው። ማንኛችሁም አትጠቀሙም። በዚያን ሰሞን የተጠቀመው ምናልባት ደላላው ነው፤ ኮሚሽኑን ቶሎ በላ።

ውክልና ሽያጭ አይደለም። ውክልና ማለት "በእኔ ስም ሆነሽ ሥሪልኝ" ማለት ነው። ወካይ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። "የማይሻር ውክልና" የሚባለውም እንደ ስሙ አስተማማኝ አይደለም። ወካዩ ከሞተ ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ በአንቀጽ 2232 መሠረት ውክልናው ያከትማል። ያኔ ቦሎ ለማሳደስ የሚይዙት ወረቀት አይኖርዎትም። ሊያነጋግሩ የሚችሉት ወራሾቹን ነው። እነሱ ፍርድ ቤት ሄደው የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት አለባቸው፤ ከዚያ ሁሉም ተስማምተው መፈረም አለባቸው። አንዱ "አባታችን መኪና መሸጡን አልሰማንም" ካለ ክርክሩ ፍርድ ቤት ይገባል።

ሳይሞትም አደጋ አለ። ሻጩ ለሌላ ሰው ዕዳ ካለበት ባለገንዘቡ በሻጩ ስም የተመዘገበ ንብረት ፈልጎ ያሳግዳል። የእርስዎ ቪትዝ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ከሚስቱ ጋር ቢፋታም የጋራ ንብረት ሲቆጠር መኪናው ይቆጠራል።

ስለ ሚስት ካነሳን አይቀር፣ ውክልናው ላይ የሻጩ ሚስት ፊርማ አለ? በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራል፤ ክልሎች የየራሳቸው አላቸው። በዚህ ሕግ በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። አንቀጽ 68 ደግሞ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። 500 ብር ዛሬ የቪትዝ ጎማ እንኳ አይገዛም፤ ሕጉ ሲወጣ ዘመኑ ሌላ ነበር። ፊርማው ከሌለ ሌላኛዋ ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች። ካወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ምንም ቢሆን ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ። ሻጩ ያላገባ ከሆነም ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ውክልናውን ቁጭ ብለው ቃል በቃል ያንብቡ። "ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ስም ለማዛወር" ይላል? ለማስተዳደር ብቻ የተሰጠ አጠቃላይ ውክልና መኪና ለመሸጥ አይበቃም፤ ለሽያጭ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ቀጥሎ፣ "ለራሷም ቢሆን" ወይም "ወደ ራሷ ስም ለማዛወር" የሚል አለው? የሌላውን ወኪል ሆኖ ከራስ ጋር መዋዋል ሕጉ በጥርጣሬ የሚያየው ነገር ነው። ቃሉ ከሌለ አይሞክሩት።

እኔ የምመርጠው መንገድ ይህ ነው። ሻጩ ዱባይ ወዳለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ይሂድ። እዚያ አዲስ አበባ ላለ ወንድሙ፣ እህቱ ወይም ለሚያምነው ሰው ልዩ ውክልና ይስጥ። ውክልናው የመኪናውን ታርጋ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ይጥቀስ። ያገባ ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ይመዘገባል። ያ ሰው ሻጩን ወክሎ፣ እርስዎ ገዥ ሆነው ሰነዶች ዘንድ የሽያጭ ውሉን ትፈራረማላችሁ። እንዲህ ሲሆን ከራስ ጋር መዋዋል የሚባል ጥያቄ አይነሳም።

ሰውየው "ምን አስቸኮለሽ" ካለ ይህን ይላኩለት፦ "ወንድሜ፣ ሊብሬው በስምህ እስካለ ድረስ መኪናው ሰው ቢገጭ የሚከሰሰው አንተም ነህ። መኪናው የት እንዳለ፣ ማን እንደሚነዳው አታውቅም። ቆንስላ አንድ ጠዋት ስጠኝና ሁለታችንም እንረፍ።" ልመና ከመሰለ ሰው ያዘገያል። የራሱ አደጋ መሆኑ ሲገባው ግን ይንቀሳቀሳል።

ውሉ ከመፈረሙ በፊት መኪናው የተመዘገበበት የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ቅርንጫፍ ሄደው ፋይሉ ላይ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ያጣሩ። የፍርድ ቤት እግድ፣ የባንክ መያዣ፣ ያልተከፈለ ቅጣት። ሌላም አለ። ሊብሬው ላይ ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆኑ ተጽፎ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም። አንዳንዱ ሻጭ "ወጪው ብዙ ነው" ሲል ሊናገር ያልፈለገው ይህንን ነው። የእርስዎም ሰውዬ ለምን ውክልና እንደመረጠ አላወቅኩም፤ ስለዚህ ሊብሬውን ፊትና ጀርባውን ዛሬ ማታ ያንብቡት።

ወጪውን በተመለከተ ዋናው የቴምብር ቀረጥ ነው። በ1990 የወጣው አዋጅ ለንብረት ባለቤትነት ማስመዝገቢያ ሰነድ ከዋጋው 2 በመቶ አስቀምጧል። ዋጋው የሚሰላው መሥሪያ ቤቱ በሚያወጣው ግምት እንጂ እናንተ ውል ላይ በጻፋችሁት ብቻ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ቢያዛውሩ ኖሮ በዚያን ጊዜ ግምት ይከፍሉ ነበር። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ግን ያገለገለ ቪትዝ ይረክሳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው የለም።

አንድ ምክር ልጨምር። ቀረጥ ለማሳነስ ብለው ውሉ ላይ የተቀነሰ ዋጋ አይጻፉ። ግምቱ ከመሥሪያ ቤቱ ስለሚመጣ የሚያተርፉት ነገር ላይኖር ይችላል። ነገ ውሉ ቢፈርስና ገንዘቤ ይመለስ ቢሉ ግን ሻጩ የሚያሳየው የተጻፈውን ቁጥር ነው። ያኔ በባንክ ያስገቡበት ደረሰኝ ትልቅ መከላከያ ነው። እሱን ፎቶ ኮፒ አድርገው፣ ስልክዎ ላይም ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። የደረሰኝ ቀለም በጊዜ ብዛት ይጠፋል።

ሻጩ ጭራሽ ስልክ ካላነሳስ? ያኔ ሦስት ነገር ይሰብስቡ፤ የጽሑፍ ውል ካለ ውሉን፣ የባንክ ደረሰኙን፣ የውክልናውን የተረጋገጠ ቅጂ። ከዚያ ጠበቃ ይዘው ሻጩ ግዴታውን እንዲፈጽም ወይም ስሙ በፍርድ እንዲዛወር ክስ ማቅረብ ይቻላል። ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ በፊት ግን አሁን ያለው ውክልና እስካልተሻረ ድረስ ቦሎውን አሳድሱ፤ ክርክሩ እየሄደ መኪናው ቆሞ እንዳይበሰብስ።

መንገድ ላይ ሲወጡ መኪናው ውስጥ የሊብሬው፣ የውክልናውና የኢንሹራንሱ ኮፒ ይኑር፤ ሾፌሩም መንጃ ፈቃዱን ይያዝ። ዋናው ሊብሬ ቤት ይቀመጥ። ከነመኪናው ከተሰረቀ ሌባው ሻጭ መስሎ ይቀርባል።

ባለቤትዎ ምናልባት "ታዲያ ትርፍ ጊዜ ሲኖረው ልጁ ሰው እየጫነ ይሥራበት" ይሉ ይሆናል። ኮድ 2 የግል ታርጋ ነው፤ ኮድ 3 ደግሞ የንግድ። በክፍያ ሰው መጫን የንግድ ሥራ ነው። ኢንሹራንሱም የተገባው ለግል አገልግሎት ከሆነ አደጋ ሲደርስ "ለምን አገልግሎት ነበር የዋለው?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ፖሊሲው ላይ "የአጠቃቀም ዓይነት" የምትለውን መስመር አሳይዋቸው።

ስሙ ከተዛወረ በኋላ አዲሱን ሊብሬ ይዘው በዚያው ሳምንት ወደ መድን ድርጅቱ ይሂዱና ውሉን በስምዎ ያስቀይሩ። ሙሉ ኢንሹራንስ ካለዎት ይህ በተለይ ያስፈልጋል። መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢወድም ቼኩ የሚጻፈው መድን ገቢ ተብሎ በተመዘገበው ሰው ስም ነው።